በሐዋሳ ቅርንጫፎች የዩዘር ክለሳ እንዴት እንደሠራሁ

በሐዋሳና በዙሪያዋ ያሉ ቅርንጫፎችን የኮር ባንኪንግ (የባንኩ ዋና የሂሳብ ሲስተም) ዩዘሮች ስከልስ፣ ማለትም ማን የመግቢያ ፈቃድ እንዳለውና እንደሚገባው ሳጣራ፣ ሁለት ዝርዝር ይዤ ጀመርኩ፤ አንዱ የሰው ሀብት ክፍል የሠራተኞች ዝርዝር፣ ሌላው ከሲስተሙ በቀጥታ የወጣ የዩዘር ዝርዝር። ሁለተኛውን ከቅርንጫፍ ተልኮልኝ አልቀበልም። ሲወጣ አጠገቡ ቆሜ፣ ሰዓቱንና የዩዘሩን ብዛት መዝግቤ ነው የምወስደው፤ ኦዲተር ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በስም ማመሳሰል አያዋጣም። ፀሐይ የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ አንዱ በ«ቲኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ። የሲዳምኛ ስም ላይ ደግሞ የሚደረበው አናባቢ ሲስተሙ ውስጥ ነጠላ ሆኖ ይገኛል። በሠራተኛ መለያ ቁጥር ብቻ አመሳስሉ። ቁጥር የሌለው ዩዘር ባለቤቱ እስኪታወቅ ይታገድ፤ ሲስተም ከሲስተም የሚነጋገርባቸውን ዩዘሮች ግን ሳታጣሩ አትንኩ፣ ኤቲኤም ሊቆም ይችላል።

ቀን ከስም ይብሳል። ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የለቀቀ ሠራተኛ «3/13/2016» ተብሎ ይመዘገባል። በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ የተዋቀረ ኤክሴል ይህን ማርች 13፣ 2016 ብሎ ያነበዋል፤ ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 8፣ 2024 ነው። ምንም የስህተት ምልክት አይሰጥም። ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ ከስምንት ዓመት በላይ ሲገባ የኖረ ይመስላል። ስለዚህ አምዱን እንደ ጽሑፍ አስገብቼ ቀን፣ ወርና ዓመቱን በሦስት አምድ ከፍዬ ነው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የምለውጠው። ሰዓትም ያው ነው፤ ሎጉ (የሲስተሙ የመግቢያ መዝገብ) በዩቲሲ፣ ማለትም ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው የዓለም ሰዓት፣ 14:00 ካለ በካዝና መዝገብ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው።

የካርድ መረጃ ለሚያልፍባቸው ሥርዓቶች ፒሲአይ ዲኤስኤስ 4.0.1 (የካርድ መረጃ ደህንነት ዓለም አቀፍ መስፈርት) ክለሳው ቢያንስ በየ6 ወሩ እንዲደረግ፣ የለቀቀ ሰው ዩዘር ወዲያው፣ ያልተሠራበት ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ እንዲዘጋ ያዛል። «ወዲያው» የሚለው የሚከሽፈው በክሊራንስ፣ ማለትም ለቃቂው ከየክፍሉ ነፃ መሆኑን በሚያስፈርምበት ሂደት ነው። ሂሳብ ማስረከብ ቀናት ይወስዳል፣ የአይቲ ፊርማም ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ዩዘሩ የሚዘጋው ሠራተኛው የመጨረሻ ፈረቃውን በጨረሰበት ሰዓት እንዲሆን ቅጹን አስለወጥኩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ስለሆነ እናቶች ሲመለሱ ዩዘራቸው ተዘግቶ ይጠብቃቸዋል። ማስከፈቻው በዚያው ቀን ካላለቀ የባልደረባ ፓስወርድ መዋስ ይጀመራል፤ ስለዚህ የመመለሻ ቀናቸውን አስቀድሜ ከሰው ሀብት እወስዳለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዝውውር ነው። በይርጋለም ቅርንጫፍ ቴለር የነበረ ሰው ሐዋሳ ሱፐርቫይዘር ሆኖ ሲመጣ አዲሱ ሚና ይጨመርለታል፣ አሮጌው አይነሳም። በዚህ ዓይነት ራሱ ያስገባውን ገንዘብ ራሱ ያጸድቃል። የዩዘሩ ስም ትክክል፣ ሠራተኛውም በሥራ ላይ ስለሆነ ተራ ማመሳሰል አያገኘውም። እኔ መጀመሪያ አስገቢና አጽዳቂ ሚና አንድ ላይ የያዙትን ለይቼ አወጣለሁ፣ ቀጥሎ ያስገባውም ያጸደቀውም ዩዘር አንድ የሆነበትን የ6 ወር ግብይት እፈልጋለሁ። የተገኘው ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን በቀጥታ ለውስጥ ኦዲት ይሄዳል።