በበጋ የሚጠጣ፣ በክረምት የሚዘጋ አፈር

በአዲስ አበባ አቃቂ በኩል፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ጥቁር አፈር ላይ ቤት የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በበጋ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ያብጣል፤ ስንጥቁን ሁሉ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ውሃ እምብዛም አያሳልፍም። የእኛ የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓድ የተቆፈረው በበጋ ነው። ቤቱን የሠሩት ሰዎች ውሃ አፍስሰው ሲሞክሩት ወዲያው ጠጣ። የጠጣው ግን ስንጥቁ ነው፤ አፈሩ አይደለም። እንዲህ ዓይነት መሬት የሚሞከረው በደንብ ረጥቦ ካደረ በኋላ መሆን ነበረበት።

ባለፈው ነሐሴ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፤ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ፍሳሹም በማንሆሉ ክዳን ዙሪያ ብቅ አለ። ሽታውን ቀድማ ያወቀችው እናቴ ናት። እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የታችኛዋ ጎረቤታችን ነገር ነው። መሬቱ ወደ እሷ ግቢ ያዘነብላል፤ ልጆቿ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አጥሩ ሥር ነው የሚጫወቱት። የእኛ ቤት ቆሻሻ ወደ እነሱ ሲሄድ እያየሁ እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ጠራን። መጣ፣ መጠጠ፣ ሄደ። ጉድጓዱ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ሞላ። ዙሪያውን ያለው መሬት በዝናብ ጠግቦ ስለነበር ውሃው ወደ ውስጥ ይገባል። የምንከፍለው የዝናብ ውሃ ለማስመጠጥ ሆነ ማለት ነው።

የሚመክረን ሰው ሁሉ “ጥልቀት ጨምሩበት” ይላል። ዕድሜያቸውን በቁፋሮ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ግን መጥተው እርጥቡን አፈር በጣታቸው አሹት። እንደ ሊጥ ተድቦለቦለ።

“ልጄ፣ ይሄ ወደ ታች አይጠጣም። ብታስቆፍሪው ኩሬ ነው የምትሠሪው” አሉኝ።

“ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?”

“ከላይ አድርጊው። አስፊው።”

ትክክል ናቸው። ወደ ታች ብንሄድ የምናገኘው ያንኑ ሸክላ ነው። ጥልቀት በጨመርን ቁጥር ደግሞ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ እንቀርባለን። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሚጠጣው ውሃ ቀላል የማይባለው ከዚሁ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣ ነው። ያን ውሃ አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ በግቢዬ እንዲሠራ አልፈልግም።

ሥራውን የጀመርነው ጥር ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅ ነው። እርጥብ ሸክላ ሲቆፈር ግድግዳው በአካፋው ይለሰናል፤ ያችኑ ትንሽ የመምጠጥ አቅሙን ያጣል። ሴፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም ፍሳሹ ወደ ማስረጊያው ከመሄዱ በፊት ዝቃጩ የሚጠራቀምበት ታንክ፣ ራሱ ደህና ነበር። የተሰበረው ቱቦው ከታንኩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር ቱቦውን ይጎትተዋል፤ በሲሚንቶ ድርቅ ብሎ የታሰረ መገጣጠሚያ ይህን አይችልም። አዲሱን ቱቦ አሸዋ ላይ አስተኛነው፤ መጋጠሚያውን ጎማ ባለው ማያያዣ አደረግነው።

ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ። የድሮውን ማስረጊያ ጉድጓድ አስመጥጠን ደፈንነው። በምትኩ ከአጥሩ ራቅ አድርገን ሰፊ መደብ ሠራን። ከታች ከሌላ ቦታ የመጣ አሸዋ፣ ከላዩ ጠጠር፣ በጠጠሩ ውስጥ የተበሳ ቱቦ፣ ከዚያ ስስ አፈርና ሣር። ውሃው በአሸዋው ውስጥ ቀስ እያለ ይሰራጫል፤ ከፊሉን ፀሐይና የሣሩ ሥር ወደ ላይ ይወስዱታል። ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ፓምፕ አላስፈለገንም። ለሜዳማ ግቢ ግን ፓምፕ ግድ ይላል፤ ወጪውም ይከብዳል።

በክረምት መደቡ ብዙ ውሃ እንደማይችል አውቃለሁ። ስለዚህ ቤት ውስጥም ልማዳችንን ቀይረናል። የሚያንጠባጥበው የሽንት ቤት ሲፎን ተጠግኗል። ልብስ በአንድ ቀን ተጠራቅሞ አይታጠብም። የወጥ ዘይት ወደ ሲንክ አይደፋም። ዝቃጩ የታንኩን ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ከመሙላቱ በፊት በበጋ እናስመጥጠዋለን። ክረምት ላይ ታንክን ጨርሶ ባዶ ማድረግ ጥሩ አይደለም፤ ከሥር የሚገፋው ውሃ ሊያነሳው ይችላል።

ለጎረቤቴ የሠራነውን ሁሉ አሳየኋት። ሽታም ሆነ እርጥበት ካየች በማንኛውም ሰዓት በሬን እንድታንኳኳ ነግሬያታለሁ። አሁን የቀረው የጣሪያው አሸንዳ ነው። ውሃው በቀጥታ መደቡ አጠገብ ይወርዳል፤ ወደ መንገዱ ቦይ መዞር አለበት። ቆርቆሮ ሠሪው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጥሮኛል። ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት።