ካራቫኑ እስከ ጥምቀት ብቻውን ነው

ሰኔ ግም ሳይል ጅማ እገባለሁ። ለሥራ ነው፣ እስከ ጥምቀት አልመለስም። ቤቱን እህቴ አለችበት። ያስጨነቀኝ ሱሉልታ ያለው ካራቫን ነው።

ካራቫን ስል የፈረንጅ ሽርሽር እንዳይመጣባችሁ። የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ሰው ሲያድርበት የኖረ አሮጌ ተጎታች ነው። ቦታችን ላይ ቤት እስክንሠራ ብለን ገዛነው። ቤቱ ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ፣ ቅዳሜና እሁድ የምናሳልፈው እሱ ውስጥ ሆነ።

ከነመመሪያው ነው የመጣው። ስለ ማስቀመጥ ብዙ ያወራል፣ ግን የተጻፈው ለፈረንጅ ክረምት ነው። ጭንቀቱ ሁሉ ውሃው በረዶ ሆኖ ቧንቧ እንዳያፈነዳ ነው። ሱሉልታም ውርጭ አያጣትም፤ ህዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚነጋበት ቀን አለ። እኔ የምፈራው ግን ሐምሌና ነሐሴን ነው። ዝናቡን እንኳ ጣሪያው ይችለዋል። እርጥበቱን ነው። ተዘግቶ የከረመ ክፍል መስከረም ላይ ሲከፈት ምን እንደሚሸት የምታውቁት ነው።

እኛ ደግሞ ዕቃ እናስቀምጥ ካልን ጥርቅም አድርገን ነው። በላስቲክ ጠቅልለን፣ ቆልፈን። የሚያሻግተው ይሄው ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቀን የዋልኩት ከመዝጋት ይልቅ ስከፍት ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ፍሪጁ ነው። ይህ ፍሪጅ ሞተር የለውም። በመብራትም በቡታጋዝም ይሠራል፤ ሙቀቱ አሞኒያውን አትንኖ ያዞረዋል፣ ቅዝቃዜው የሚመጣው ከዚያ ነው። እሳት ለኩሼ ነው የማቀዘቅዘው ስላቸው ሰዎች ይስቁብኛል። ማታ አጥፍቼው አደርኩ፣ በረዶው በራሱ ጊዜ ቀለጠ። በቢላ መፈንቀል የለም፣ ቧንቧው ይበሳል። ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጬ ውስጡን አጠብኩ። የበሩ ጎማ እጥፋቶቹ ውስጥ ጥቁር ሻጋታ ጀምሮት ነበር፤ እያንዳንዷን እጥፋት ገልጬ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኳት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ። የበሩ መቆለፊያ ሁለት ቦታ ይይዛል። ሁለተኛው በሩን አንድ ጣት ያህል ከፈት አድርጎ ያስቀራል። ያን የሠራ ሰው ይባረክ።

ውሃው ቀላል ነው። ጋኑን አፈሰስኩ፣ የውሃ ማሞቂያውን ባዶ አደረግኩ፣ ፓምፑ አየር እስኪስብ አሠራሁት፣ ቧንቧዎቹን ክፍት ተውኩ። ፍራሾቹን በጎናቸው አቆምኳቸው። ምጣዱና ቡና ዕቃው ወደ ቤት። ሽሮና በርበሬ አንዲት ማንኪያ እንኳ አላስቀረሁም። አይጥ እህል ብሎ ይመጣና የኤሌክትሪክ ሽቦ በልቶ ይሄዳል።

አይጥ ሲነሳ ከጋሼ ጋር ተከራከርን። ጋሼ የአካባቢው ዘበኛ ናቸው። ወለሉ ላይ፣ ምድጃው ሥር፣ ቀዳዳዎች አሉ። ጨርቅ ጠቅልለው ሊደፍኑልኝ ተንበረከኩ።

«በዚህ ነው የሚገባብሽ ልጄ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አይድፈኑት። ጋዝ መውጫ ነው።»

የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ቢያፈተልክ ወደ ላይ አይሄድም፣ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል። ቀዳዳዎቹ የተሠሩት ለዚህ ነው። ሲሊንደሩን ነቅለን እያወጣን እኮ ነው አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ጥር ላይ ደክሞኝ ገብቼ ሻይ ልጣድ ስል ጨርቁን ማን ያስታውሰኛል? በወንፊት ሽቦ ሸፈንናቸው። አየር ያልፋል፣ አይጥ አያልፍም። ሲሊንደሩን ዘግተን፣ ቱቦውን ነቅለን፣ ውጭ ጥላ ሥር አቆምነው። አግድም ማጋደም ክልክል ነው።

ባትሪውን መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፈትቼ ቤት ወሰድኩት። ባለ 12 ቮልት ነው። ሙሉ ሆኖ አርፎ ሲለካ 12.7 አካባቢ ያሳያል። 12.4 ከደረሰ ቻርጅ ይፈልጋል። ባዶውን ከከረመ ውስጡ ይደርቃል የሚሉት ትክክል አይደለም፤ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና ቻርጅ አልይዝ ይላል።

ለጎማው ጎሚስታ አስጠራሁ፣ ነፋልኝ። በክሪክ አንስተን ማቆሚያ ላይ አሳረፍነው፣ ከማቆሚያው ሥር ሰፊ ጣውላ አስገባን። የሱሉልታ ዋልካ ዝናብ ከጠጣ ብረቱን ቀስ አድርጎ ይውጠዋል። የእጅ ፍሬኑን ለቅቄ ታኮ አደረግኩ። ፍሬን ተይዞ ከከረመ ሸራው ታምቡሩ ላይ ይጣበቃል። ጣሪያው ላይ ውሃ እንዳያቁር አንዱን ጫፍ ትንሽ ከፍ አደረግነው። ፍሪጁ ደልዳላ የሚፈልገው ሲሠራ ነው፣ ሲጠፋ ግድ የለውም። ጎማዎቹ ላይ ጆንያ ጣል አደረግኩ፤ ከጥቅምት በኋላ ያለው የደጋ ፀሐይ ጎማ ይሰነጥቃል።

ወንድሜ በላስቲክ እንሸፍነው ብሎ ነበር። ላስቲክ ከውስጥ ያልበዋል። በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ቆርቆሮ መታንበት፣ ጎኑ ክፍት ነው።

የቀረን መጋረጃው ነበር። እኔ ፀሐይ ጨርቁን እንዳይበላው ልዘጋ፣ ጋሼ ደግሞ ክፍት ይሁን አሉ። «ሌባ ምንም አለመኖሩን ካየ ይሄዳል።» በመንገድ በኩል ያለው ክፍት፣ በጓሮ ያለው ዝግ እንዲሆን ተስማማን። ከመንገድ ሲታይ በሩ ከፈት ያለ ባዶ ፍሪጅ ነው የሚታየው። «ይሄማ ይበልጥ ጥሩ ነው፣ ተዘርፎ ያለቀ ይመስላል» አሉ።

አንድ ቁልፍ ሰጥቻቸዋለሁ። ፀሐይ በወጣ ቀን መስኮቶቹን ይከፍቱልኛል። ባትሪውን እህቴ በየወሩ ቻርጅ ታደርጋለች፤ ስልኳ ላይ ማስታወሻ ሞልቼላታለሁ፣ ባይሆንም ከጅማ እደውላለሁ።