ጄፍ ቤክ ላይ ያለውን ክርክር በጆሮዬም በጣቴም እንዴት እንደፈተሽኩት

እንግሊዛዊው ጊታሪስት ጄፍ ቤክ ላይ የሚስማሙ ሁለት ሰዎች ማግኘት ከባድ ነው። አንዱ "እንደሱ ጊታር የነካ የለም" ይላል። ሌላው "ጎበዝ ነው፣ ግን እስቲ የራሱ የሆነ አንድ ዘፈን ጥራልኝ" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "ብሉዝና ሮኩን ትቶ ፊውዥን ውስጥ ሲገባ ነው ያበቃለት" ባይ ነው፤ ፊውዥን ማለት ጃዝንና ሮክን የሚያዋህድ ሙዚቃ ነው። ሰውየውን በጣም እወደዋለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ክርክር ሲነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ወገን ሐሳብ ይዤ አልበሞቹ ላይ ተቀመጥኩ። በኋላም ጊታሬን አነሳሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ቀላል ነው። አስተያየት የሚሰጠኝን ሰው ሁሉ "የትኛውን አልበም ሰምተህ ነው?" እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ይሄ ጥያቄ ብቻውን የክርክሩን ግማሽ ፈታው። ብሉዝ ወዳዱ የሚያወራው እ.ኤ.አ. በ1965 ጊታሪስቱን ኤሪክ ክላፕተንን ተክቶ ያርድበርድስ የተባለው ባንድ ውስጥ ስለገባው ልጅ ነው። በ1968 ከሮድ ስቱዋርትና ከሮኒ ውድ ጋር "ትሩዝ" የተባለውን አልበም ያወጣውም ያው ልጅ ነው። ያ አልበም ከባድ ብሉዝ ነው፣ ጊታሩ ይጮሃል፣ ይሳደባል ማለት ይቻላል። የሌድ ዜፕሊን የመጀመሪያ አልበም የወጣው ከሱ ወራት ቆይቶ፣ በ1969 መጀመሪያ ላይ ነው። "ዩ ሹክ ሚ" የሚለው የድሮ ብሉዝ ሁለቱም ላይ አለ፤ ጎን ለጎን ስሟቸው።

ፊውዥን ወዳዱ ግን ከ1975 በፊት ያለውን ብዙም አያውቀውም። ለሱ ቤክ ማለት "ብሎው ባይ ብሎው" ነው። ፕሮዲዩሰሩ የቢትልሶቹ ጆርጅ ማርቲን ነበር። ዘፋኝ የሌለው አልበም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ በአልበሞች ሰንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት "ዋየርድ" መጣ፤ እዚያ ላይ ከማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ የመጣው ኪቦርዲስት ያን ሃመር አለ። የ1990ዎቹ መጨረሻን ቤክ የሚያውቅ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ምት ላይ የሚጫወት ሌላ ሰው ነው የሚነግርህ። ስለዚህ ሰው ሁሉ የየራሱን ቤክ ይዞ ነው የሚከራከረው። ከዚህ በኋላ አልበሞቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ለመስማት ወሰንኩ። በዘፈቀደ ከመስማት በጣም ይሻላል፤ ምን እንደጣለና ምን ይዞ እንደቀጠለ በግልጽ ይሰማል።

ቀጥሎ "ዘፈን የለውም" የሚለውን ክስ ያዝኩ። የአልበሞቹ ሽፋን ላይ የደራሲዎችን ስም አንድ በአንድ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው በሱ ስም የሚያውቀው "ኮዝ ዊቭ ኤንድድ አዝ ላቨርስ" የስቲቪ ዎንደር ድርሰት ነው። ቤክ ከመጫወቱ በፊት በ1974 ዘፋኟ ሲሪታ ዘፍናዋለች። ብዙ ተከራካሪ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ የሲሪታን አገኘሁና ሁለቱን ደጋግሜ አስከትዬ ሰማኋቸው።

ዋናው ነገር የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሲሪታ ለስለስ አድርጋ ነው የምትዘፍነው፣ ግጥሙም ያግዛታል። ቤክ ግጥም የለውም። የመጀመሪያዎቹን ኖታዎች ስትሰማ ጣቱ ክሩን ሲመታ አይሰማህም፤ ድምፁ ከባዶ ተነስቶ ቀስ እያለ ያብጣል። የሚሠራው በጊታሩ የቮልዩም ቁልፍ ነው። ድምፁን ዘግተህ ክሩን ትመታለህ፣ ወዲያው በትንሿ ጣትህ ትከፍታለህ። የምቱ ቋ ማለት ይጠፋል፣ የሚቀረው ትንፋሽ የመሰለ ነገር ነው። ከዚያ ኖታውን ከታች ጀምሮ ክሩን እየገፋ ይወጣል፣ ይደርስበታል፣ ትንሽ ያቆየዋል፣ ይለቀዋል። ይህን ቀረጻ ለሌላው ጊታሪስት ለሮይ ቡካናን ነው ያበረከተው። የቡካናንን አጨዋወት የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል።

መስማት ብቻ አልበቃኝም፣ ራሴ ልጫወተው ተቀመጥኩ። ፈጣኖቹ ቦታዎች ፍጥነታቸውን ቀንሰህ ብትለማመዳቸው ቀስ በቀስ ይገባሉ። አስቸጋሪዎቹ ቀርፋፋዎቹ ናቸው። ክሩን ገፍተህ ትክክለኛው ድምፅ ላይ ማቆም፣ በዚያው ቅጽበት ቮልዩሙን መክፈት፣ ከዚያ ሳይንቀጠቀጥ መልቀቅ። ራስህን ቅዳና ስማ፤ ስትጫወት ልክ የመሰለህ ግፊት ሲቀዳ አንድ ጠጉር ያህል ወርዶ ታገኘዋለህ። ይህን ዜማ መልመድ ለሚፈልግ ምክሬ፣ ዜማውን መጀመሪያ በአፋችሁ አንጎራጉሩት። አፋችሁ የሚያውቀውን ጣታችሁ ቶሎ ያገኘዋል።

"የሚጫወተው ለጉራ ነው" የሚሉትን ለመመርመር የመረጥኩት በ1989 በወጣው "ጊታር ሾፕ" አልበም ላይ ያለውን "ዌር ወር ዩ" ነው። በዚያ ጊዜ ቤክ ፒክ (ክር መምቻ ቁራጭ) መጠቀም ትቷል፤ በአውራ ጣቱና በሌሎቹ ጣቶች ነው ክሩን የሚነካው። ዜማው በአብዛኛው የሚወጣው ከሃርሞኒክስ ነው፦ ክሩን ፍሬቱ (የጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ሳትጫን ትነካዋለህ፣ ቀጭን የደወል ድምፅ ይወጣል። ከዚያ ያን ድምፅ በዋሚ ባር፣ ማለትም ክሮቹን በሚያላላና በሚያጠብቅ ዘንግ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየወሰድክ ዜማ ትሠራበታለህ። ባሩ ላይ ፍሬት የለም፤ የት ማቆም እንዳለብህ የሚነግርህ ጆሮህ ብቻ ነው። ቤክ መነሻ የሆነው የቡልጋሪያ ሴቶች መዘምራን ድምፅ እንደሆነ ተናግሯል። እኔ የመጀመሪያውን ሐረግ ብቻ ለማውጣት ስታገል ባሩ በጣም ትንሽ ሲንቀሳቀስ ዜማው እንዳልነበረ ይሆናል። እንዲህ ያለ አደጋ ውስጥ ገብቶ እንዲህ ቀስ ብሎ የሚጫወትን ሰው ጉረኛ ማለት ፍትሕ አይደለም። ጉራ የሚፈልግ ሰው ቀላልና ፈጣን ነገር ይመርጣል።

ተቺዎቹ ልክ የሆኑበት ቦታም አለ፣ ልክ ነው ማለት ደግሞ አያሳንሰውም። ቤክ አንድ ባንድ ይዞ መቆየት አይችልበትም። ከሮድ ስቱዋርት ጋር የነበረው ባንድ በ1969 የፈረሰው የዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ነው። የ1985ቱ "ፍላሽ" ላይ ለጆሮዬ ጊታሩ በዘመኑ የፖፕ ድምፅ ተውጧል፤ እዚያ ላይ ከስቱዋርት ጋር የተገናኙበትን "ፒፕል ጌት ሬዲ"ን ግን ከዚህ ትችት አወጣዋለሁ። በ2022 ከጆኒ ዴፕ ጋር ያወጣው አልበምም እንደዚያው ነው፤ ጊታሩ ሲገባ ልብ ይነካል፣ ሲወጣ ግን ብዙ የሚያቆይህ ነገር የለም። አልበሙ ከወጣ በወራት ውስጥ፣ በጥር 2023፣ በ78 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይኸውና። ዜማ ደራሲ ፍለጋ ወደ ቤክ የሚሄድ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ትልቅ ዘፋኝም ሁልጊዜ የራሱን ዘፈን አይደርስም፣ የሰውን ወስዶ የራሱ ያደርገዋል። ቤክም በጊታር የሚዘፍን ድምፃዊ ነው፤ በዚያ ሚዛን ሲመዘን የሚስተካከለው በጣም ጥቂት ነው። "ፊውዥን አበላሸው" የሚለውን አልቀበልም፤ ያን ሃመር ፊት ቆሞ ሲመላለስ ያ ቀጥታ ብሉዝ ግፊቱ አብሮት አለ።

አሁን ሰው ሲከራከረኝ አልበም አልዘረዝርም። በ2007 ለንደን ሮኒ ስኮትስ ክለብ የተቀረጸውን ዝግጅት እከፍትለታለሁ። ከበሮው ላይ ቪኒ ኮላይዩታ፣ ቤዙ ላይ ገና ወጣት የነበረችው ታል ዊልከንፌልድ ናቸው። ቀረጻው ስላለ ቀኝ እጁን ማየት ይቻላል፦ አውራ ጣት ክሩ ላይ፣ ትንሿ ጣት ቮልዩሙ ላይ፣ ባሩ መዳፉ ሥር። ይህን አይቶ ወደ 1968ቱ "ትሩዝ" የሚመለስ ሰው፣ የብሉዙ ልጅና የፊውዥኑ ሰውዬ የሚባሉት ሁለቱ ሰዎች አንድ እጅ እንደሆኑ በጆሮው ይለያል።