ከሚካኤል ማግስት

ሐምሌ 13፣ ማታ

ከቀትር በኋላ የያዘው ዝናብ እስካሁን አላባራም፤ መብራትም ከሄደ ቆይቷል። ምንም ሳይጎድልብኝ ሆድ ባሰኝ። ሻማ አብርቼ ስቀመጥ ከፊቴ ያገኘሁት ከትናንቱ ወርኃዊ የሚካኤል ማኅበር በፌስታል ጠቅልዬ ያመጣሁትን የድፎ ዳቦ ቁራሽ ነው። የኮባው መስመር ከሥሩ ታትሞበታል፤ ጥቁር አዝሙዱ ገና ይሸታል። ቁራሹ ግን የእኔ አይደለም። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ «ጸበል ጸዲቁ ላልመጡትም ይድረስ» ብለው፣ ጎረቤትነቴን አስታውሰው፣ ለእትዬ ጥ. የላኩት ነው። እትዬ ጥ. ከእኔ ሁለት ፎቅ ብቻ ዝቅ ብለው ይኖራሉ፤ እኔ ግን ትናንት መሸብኝ አልሁ፣ ዛሬ ደግሞ ደረጃው ጣሪያ የሌለው ይመስል በዝናቡ አሳበብሁ። ፌስታሉን ስፈታ የረገፈውን ፍርፋሪ፣ የተባረከ ነገር መሬት አይውደቅ ብዬ ቀመስሁት።

እናቴ ባረፈች ዓመት በእርሷ ምትክ ማኅበሩ ውስጥ ስገባ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር። እትዬ ጥ. ከአጠገቤ ተቀምጠው ሽሮውን በእንጀራ ጠቀለሉና በሶብላ የሚሸት ጣታቸውን ወደ አፌ አስጠግተው «በሞቴ!» አሉኝ። ሞት የሚለውን ቃል በምሸሽበት በዚያ ሰሞን ያ «በሞቴ» ለምን እንዳላስደነገጠኝ አላውቅም፤ ብቻ ዋጥሁት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን አስከተሉ። ለሥጋ ወደሙ ራሴን ብቁ አድርጌ ሳልቆጥር በየዓመቱ «ለከርሞ» የምል ሰው ነኝና፣ ቄሱ ባርከው የሚቆርሱት የማኅበር ዳቦና ያ ጉርሻ፣ ቁርባን አለመሆናቸውን እያወቅሁም፣ ከቤተ መቅደሱ ደጅ ያላራቁኝ እነርሱ ናቸው።

በእናቴ ጊዜ የማኅበሩ ድግስ ዳቦ፣ ጠላና ንፍሮ፣ ቢበዛ ሽሮ ነበር። 12 አባላት ስለሆንን ተራው በዓመት አንዴ ይደርሳል። ባለፈው ኅዳር 12 ተራው የእኔ ነበርና፣ የዓመቱ ሚካኤል ነው ብዬ ዶሮውንም ክትፎውንም ለስላሳውንም አሰናዳሁ፤ ማኅበርተኛውም «የአብርሃም የሣራ ቤት ያድርግልሽ» እያለ መረቀኝ። የታኅሣሡ ባለተራ ጾም ቢሆንበት ዓሣ ጨመረ (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው)። የጥሩ ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው ብሎ ወይን ጠጅ በካርቶን አስገባ። ሰኔ 12 የእትዬ ጥ. ተራ ነበር። ግንቦት ላይ ጉልበቴን አመመኝ፣ ተራዬን ለሌላ ስጡልኝ ብለው ላኩ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ማኅበሩ አልመጡም። እኔ ግን ማለዳ ወደ ሥራ ስወጣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኪዳን ሲመለሱ ደረጃው ላይ አገኛቸዋለሁ። እየፈጠኑ ነው የሚወጡት።

ባለፈው ሳምንት፣ ሐምሌ 7፣ ሥላሴ ወደ አብርሃም ቤት የገቡበት ሲታሰብ በልቤ ለራሴ ጥብቅና ቆሜ ነበር። አብርሃምም ቁራሽ እንጀራ ላምጣላችሁ ብሎ ጀምሮ ሣራን ሦስት መስፈሪያ ዱቄት አስለውሷል፣ የሰባ ጥጃም አሳርዷል፤ ታዲያ የእኔ ዶሮ ምን አለበት ብዬ። ዛሬ ሳስበው ግን እነዚያ ሦስት እንግዶች በሚቀጥለው ወር ጥጃ የሚያርዱበት ተራ አልነበረባቸውም።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ፣ በአንድ ማዕድ ተሰብስበው አንዱ እየተራበ ሌላው ስለሚሰክር ይቆጣቸዋል። ልጅ ሳለሁ ተግሣጹ ስለ ስካር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በሻማ ብርሃን ደግሜ ባነበው ሐዋርያውን ይበልጥ ያስቆጣው የሌላቸው ሰዎች ማፈር ነው፤ ያፈሩበትንም ጉባኤ የእግዚአብሔር ማኅበር ይለዋል። ማኅበር የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቆም አልሁ። እኛ ቤት የተራበ የለም፤ ሁሉም ጠግቦ፣ ተመራርቆ ነው የሚወጣው። የእኛ ማዕድ የሚያሳፍረው ገና ያልደገሰውን ሰው ነው፤ ከድግሱ አንድ ወር አስቀድሞ፣ ቤቱ ተቀምጦ የዶሮ ዋጋ ሲያሰላ።

እንግዲህ ለመጪው ኅዳር ዳቦና ጠላ ብቻ አቀርባለሁ ብዬ ወሰንሁ። ስልኬን አውጥቼም «ዳቦ፣ ጠላ» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ «ለቄሱ ብቻ ትንሽ ዶሮ» አልሁ፤ ቀጥሎም ሙሴያችን ስኳር ስላለባቸው ጎመን በሥጋ ጨመርሁ፤ ስድስተኛው ላይ ስደርስ ስልኩን ዘጋሁት።

ሻማው ሊያልቅ ነው። ወደ ፌስታሉ እጄን ብሰድድ የአውራ ጣት የምታህል ቅርፊት ብቻ አገኘሁ። ይህን ስጽፍ ቆርሼ ቆርሼ፣ ሳላማትብ እንኳ፣ የሰው ድርሻ ጨርሻለሁ። ነገ ማለዳ ከኪዳን ሲመለሱ ደረጃው ላይ መገናኘታችን አይቀርም። ምን እላቸዋለሁ?