የፎርጎተን ሪልምስ ዓለም አነሳስና እድገት

ፎርጎተን ሪልምስ የተባለው ምናባዊ ዓለም ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያትን ሆነው ታሪክ ከሚፈጥሩበት ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ ተለይቶ የማይታይ ቢሆንም፣ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ካናዳዊው ኤድ ግሪንውድ በልጅነቱ ታሪኮቹን ይጽፍበት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ገጸ ባሕርያት አንዱ ሚርት ነው፤ ወፍራም፣ ዕድሜው የገፋ ነጋዴ ሲሆን ጠላቶቹን እየሸሸ ከወደብ ወደ ወደብ ይዞራል። የዚህ ዓለም ትልቁ ጥንካሬ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ሚርት በደረሰበት ሁሉ ጸሐፊው አዲስ ከተማ፣ አዲስ ገበያና አዲስ ባላንጣ መፍጠር ነበረበት።

ግሪንውድ ከ1979 ጀምሮ ስለዚህ ጨዋታ በሚጽፈው ድራገን መጽሔት ላይ ያወጣቸው ጽሑፎች፣ በተለይም የዚያው ዓለም ጠንቋይ የሆነው ኤልሚንስተር የነገረው አስመስሎ ያቀረባቸው፣ አንባቢን ከዚህ ዓለም ጋር አስተዋወቁት። ቲ.ኤስ.አር. የተባለው የጨዋታው አሳታሚ ዓለሙን ገዝቶ በ1987 መጻሕፍትና ካርታዎች በያዘ ሣጥን ሲያወጣው፣ የግሪንውድን ሰፊ ማስታወሻ መልክ በማስያዝ የድርጅቱ ጸሐፊ ጄፍ ግራብ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። ሌላው የቲ.ኤስ.አር. ጸሐፊ ዳግላስ ናይልስ ለሌላ ሥራ ያሰባቸው የሙንሼ ደሴቶችም በዚያው ካርታ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ በኋላ የጨዋታው ሕግ በተቀየረ ቁጥር ዓለሙም አብሮ ይናወጥ ጀመር። በ1989 በወጡት ታሪኮች የዚያ ዓለም አማልክት ወደ ምድር ተጣሉ። በ2008 ደግሞ በአስማት መቅሠፍት ሰበብ ታሪኩ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ወደፊት ተወሰደ፤ አንባቢ የወደዳቸውን ብዙ ሰዎችና አገሮች ያጠፋ በመሆኑ፣ ይህን ውሳኔ ዛሬም አልቀበለውም። የ2014ቱ የጨዋታው ሕግ እትም ሲመጣ ከጠፉት አማልክት ብዙዎቹ ተመለሱ።