የማሞቂያችሁ ጭስ የት ነው የሚወጣው?

ባለፈው ኅዳር ከደብረ ማርቆስ ተነስተን፣ የጮቄን ተራራ አቋርጦ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ድንች ልንጭን ወጣን። ጭነቱ ስላልደረሰ እዚያው አደርን፤ እኔና ረዳቴ፣ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ። የጮቄን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሁለት ጋቢ ደርባችሁም ጥርሳችሁ ይንገጫገጫል። እኔ ግን ያን ሳምንት የናፍጣ ማሞቂያ አስገጥሜ ስለነበር ለኮስኩት። ጋቢናው ወዲያው ሞቀ። ደስ ብሎን ተኛን።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ረዳቴ ሊያስመልሰው ሲል በሩን ከፈተው። እሱ በሩን ባይከፍት ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ አይመስለኝም። እኔም ራሴን ሊፈልጠኝ ደርሷል፣ ልነሳ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። የጭስ ሽታ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። እንደምንም ወርጄ በባትሪ ከስር አየሁ። የማሞቂያው የጭስ ቱቦ የተቆረጠው ከጋቢናው ወለል ስር ነው፣ የማርሽ ዱላው ከሚገባበት ቀዳዳ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ጫፉ ዙሪያውን ጥቀርሻ ለብሷል። የማርሽ ዱላው የጎማ ሽፋን ደግሞ ተቀዷል፤ ቀዳዳው ጣት ያስገባል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህ ነው። ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ዘግቶ የተኛን ሰው የሚገድለው ራሱ። አይታይም፣ አይሸትም። ደም ኦክስጅንን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ትንሹም ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራቀም ሰውነት ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህንንም ሳይሰማ ሊያልፍ ይችላል። ጋቢና ውስጥ የከሰል ማንደጃ ይዛችሁ የምታድሩ ሾፌሮች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ ዛሬውኑ ተዉት። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግም አያድንም።

የናፍጣ ማሞቂያው ከከሰል የሚለየው በአንድ ነገር ነው። እሳቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው የሚነደው። ለእሳቱ የሚሆነውን አየር ከውጭ ይስባል፣ ጭሱንም ወደ ውጭ ይተፋል፤ እኛን የሚያሞቀን አየር በሌላ መንገድ፣ በጋለው ብረት ላይ ብቻ ነው የሚያልፈው። ሁለቱ አየር እስካልተገናኘ ድረስ ደህና ነው። የገጠመልኝ ጋራዥ ግን ቱቦውን አሳጥሮ ሁለቱን አገናኛቸው።

ስመለስ ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ነው። ከስር ገብቶ አየና «አንተ ልጅ፣ ይህን የቆረጠው ሰው ጋቢና ውስጥ አድሮ ያውቃል?» አለኝ። «አያ፣ እኔም ከፍዬ ዝም ብዬ ተቀብዬ ነው» አልኩት። ሙሉውን ነቅለን እንደገና ገጠምነው።

መጀመሪያ ቱቦውን ጎሚስታ ቤት ወሰድነው። አንዱን ጫፍ ደፍነን፣ በሌላው አየር እየሰጠን፣ ካላማዳሪያ በሚፈተሽበት ገንዳ ውስጥ ነከርነው። ጠመዝማዛ ሆኖ ከተሰራው ቱቦ ስፌት ላይ አረፋው ሽቅብ ተንደቀደቀ። አዲስ ቱቦ ነው እኮ! ለካ እንዲህ ዓይነቱ ተጣጣፊ ቱቦ ሲሰራም ሙሉ በሙሉ አየር አያግድም። ከቱቦው ጋር የሚመጣው ትንሹ ማርሚታም (ድምፅ ማፈኛው) እንደዚያው ነው። ስለዚህ የጭስ ቱቦ በጋቢና ውስጥ አንድ ስንዝር እንኳ ማለፍ የለበትም፤ መጋጠሚያውም ሁሉ ከወለሉ ውጭ ይሁን።

ማሞቂያው ሦስት እግር አለው፦ የጭስ፣ የአየርና የናፍጣ። ሦስቱም በወለሉ ላሜራ በኩል ወደ ታች ይወጣሉ። ላሜራው ጎርበጥባጣ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) በደንብ አይቀመጥምና ቀጥቅጦ ማስተካከል ግድ ነው። ቱቦውን በጥሩ ፋሸታ (ማጥበቂያ ቀለበት) አጥብቀን፣ እሳት በሚችል መጠቅለያ ጠቅልለን፣ ወደ ታች እያዘነበለ ከቀኝ በር ኋላ ከጋቢናው ጠርዝ አሳልፈን አወጣነው። አፉ ወደ ኋላ ነው የሚያየው፣ ወደ ፊት ከዞረ ንፋስና ጭቃ ይገባበታል። የአየር መሳቢያውን ደግሞ በሌላው ጎን አራቅነው፤ አጠገቡ ከሆነ የራሱን ጭስ መልሶ ይስባል። አይሱዙ ጋቢናው የሚገለበጥ ስለሆነ ቱቦው ከጋቢናው ጋር ነው መታሰር ያለበት፣ ከሻሲው ጋር ከታሰረ ጋቢናው በተገለበጠ ቁጥር ይቀደዳል። የማርሽ ዱላውንም ጎማ ቀየርን።

ናፍጣውን በቀጭን ቱቦ ለብቻው ከሰልባትዮው (ከመኪናው የናፍጣ ታንከር) ላይ ወሰድን። ጀሪካን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ከዚያ የሚስብ ሰው አይቻለሁ፤ ይህ አይደረግም።

ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኔ መኪና 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባትሪ። 12 ቮልት ማሞቂያ ገዝቶ ከአንዱ ባትሪ ብቻ መሳብ ሁለቱንም ያበላሻል። ከመኪናችሁ ቮልት ጋር የሚሄደውን ግዙ። 12 ቮልቱ ሲለኮስ እሳቱን የሚያስነሳው ካንዴላ እስከ 10 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚቀንሰው፤ ገመዱ ቀጭን ከሆነ አይነሳም ወይም ይግላል። ስለዚህ ገመዱ በቀጥታ ከባትሪ፣ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ሲጠፋ ደግሞ በራሱ ማጥፊያ ነው። ማራገቢያው ለጥቂት ደቂቃ እየዞረ ውስጡን ማቀዝቀዝ አለበትና ዋናውን ማጥፊያ ወዲያው እንዳትነቅሉት።

ለእኛ አገር ዋናው ጉዳይ ግን ከፍታው ነው። ባሕር ዳር ራሱ 1,800 ሜትር ነው፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ። ብዙዎቹ ማሞቂያዎች ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክለው ነው የሚመጡት። ከፍ ስትሉ አየሩ ይሳሳል፣ ፖምፓው ግን ያንኑ ናፍጣ ይሰጣል። ያኔ በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና ጥቀርሻው ይበዛል፣ መርዙም ይጨምራል። ያን ሌሊት እኛን የጎዳን የቱቦው ማጠር ብቻ አይመስለኝም። አሁን ከፍታውን ራሱ አንብቦ ናፍጣውን የሚቀንስ አለ፤ ትንሽ ቢወደድም እሱን ግዙ። በእጅ የሚስተካከል ካላችሁም እዚህ ከፍታ ላይ የሚያስተካክለው ሰው ፈልጉ። ከጫፉ ጥቁር ጭስ እየወጣ ከሆነ አትደሩበት።

የቆማችሁበት ቦታም አለ። ቱቦው ሲሰራ በጣም ይግላል፣ ስለዚህ አውድማ አጠገብ ጭድ ላይ አታቁሙ። በክረምት ጭቃ አፉን ይደፍነዋል። የጭነቱ ሸራ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ከሸፈነውም ጭሱ መሄጃ አጥቶ ወደ እናንተ ይመለሳል። ነዳጅ ማደያ ስትገቡ ከመድረሳችሁ በፊት አጥፉት።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ደግሞ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ነግሬ አስመጥቻለሁ። ከትራሳችን አጠገብ፣ በተኛንበት ከፍታ ነው የሰቀልነው። ሁልጊዜ ከመተኛታችን በፊት መሞከሪያዋን የሚጫነው ረዳቴ ነው። እሷ ካልጮኸች ማሞቂያውን እንድለኩስ አይፈቅድልኝም።