በሶብላዬ ላይ የተገኘው ሽቶ ለቃሚ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ፍሎሪዳ፣ ጓሮዬ ውስጥ በሶብላው ላይ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ዝንብ መስሎኝ ላባርረው ነበር። ለካ የኦርኪድ ንብ ነው! አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ፍሎሪዳ መጀመሪያ የታየው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው።

አበባውን ዞር ብሎም አላየው። ቅጠሉን በፊት እግሮቹ ፋቅ ፋቅ ያደርጋል፣ ብድግ ይልና አየር ላይ እግሮቹን ያፋትጋል፣ ተመልሶ ያርፋል። ሽታውን የኋላ እግሩ ላይ ባለው ኪስ እያጠራቀመ ነው። ለምግብ አይደለም፣ ለሴቷ ነው። ሽቶ ነስንሶ የሚወጣ ጎረምሳ በሉት!

በአገሩ ሽታ ፍለጋ ኦርኪድ የሚባለው አበባ ውስጥ ሲገባ የአበባው ዱቄት እንደ ጥቅል ሆኖ ሰውነቱ ላይ ይጣበቃል፤ እሱም ሳያውቀው ለሌላ አበባ ያደርሳል። እዚህ እነዚያ ኦርኪዶች የሉም። በእኔ በሶብላ ተብቃቅቷል።

ለሽሮ ልቀነጥስ ወጥቼ ባዶ እጄን ገባሁ።